አሮጌውን ሳይነቅሉ አዲሱን መሞከር



ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ በወልቂጤ ማስተማር በጀመርሁበት ዓመት የአክስቴ ልጅ ላፕቶፑን ይዞ ከቡታጅራ መጣ። እርሱ በአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነው። ኮምፒዩተሩ አርጅቶ ይንቀራፈፍበት ነበር። እኔም ሊኑክስ ስለሚባለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም በቅርቡ ሰምቼ ነበርና «ይህማ ቀላል ነው፤ ቡናው ሳይፈላ እጨርስልሃለሁ» ብዬ ተቀመጥሁ። በእውነትም ቡናው ሳይፈላ ጨረስሁ። ነገር ግን ማሽኑ «ዲስኩን አጥፍቼ ልጫን?» ብሎ በእንግሊዝኛ ሲጠይቀኝ በችኮላ እሺ ስላልሁት፥ የሰባት ዓመት ፋይሉን ከነዊንዶውሱ ጠርጎ አጠፋው። ልጁም አዲሱን ስክሪን ጥቂት ከተመለከተ በኋላ «የአባዬ ፎቶግራፎችስ የት ናቸው?» አለኝ። አባቱ ካረፉ ዓመት አልሞላቸውም ነበር።

ይህን ኀፍረቴን ያወጣሁት፥ ዛሬ ብዙዎቻችሁ እኔ በተቀመጥሁበት ወንበር ላይ ልትቀመጡ ስለሆነ ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ የጥበቃ እድሳት ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲ ፒ ኤም 2.0 የሚባል የጥበቃ ክፍል ያለው ማሽን ስለሚፈልግ፥ ብዙ አሮጌ ላፕቶፖችን አይቀበልም። ስለዚህ ተማሪውም ጸሐፊውም «ሌላ ነገር ብሞክርስ?» ማለት ጀምሯል።

ያ «ሌላ ነገር» አብዛኛውን ጊዜ ሊኑክስ ነው። ሥራውን በነሐሴ 1983 ዓ.ም. ለዓለም ያስታወቀው ሊነስ ቶርቫልድስ በሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ የሚማር የ21 ዓመት ወጣት ነበር። በዚህ መሠረት ላይ ከተሠሩት አንዱ ኡቡንቱ ነው፤ በጥቅምት 1997 ዓ.ም. ያወጣው ደቡብ አፍሪቃዊው ማርክ ሻትልወርዝ ሲሆን፥ ስሙም ከደቡብ አፍሪቃ ቋንቋዎች የተወሰደና ሰብአዊነት ማለት ነው። ሁሉም በነፃ የሚገኝና በሕግ የሚገለበጥ ስለሆነ፥ ወልቂጤ ላይ አንድ ሰው ያወረደውን ለቡታጅራ ወዳጁ በፍላሽ ቢልክለት ሌብነት አይደለም።

በጉራጌ አገር አዲስ የእንሰት ዘር ያገኘ ገበሬ ጓሮውን ሁሉ ነቅሎ በእርሱ አይተካም። በአንድ ጥግ ይተክለውና ዓመታት ጠብቆ ጠባዩን ያያል፤ ቤተ ሰቡ ግን የሚበላው ከአሮጌው ነው። በኮምፒዩተርም መሞከርና መጫን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የእኔ ስሕተት ሁለቱን አንድ ማድረጌ ነበር።

እንግዲህ ሥርዓቱ እንዲህ ነው።

አንደኛ፤ ፋይላችሁን ከላፕቶፑ ውጭ በሆነ ቦታ ገልብጡ። ከዚያም ከግልባጩ ጥቂቱን በሌላ ኮምፒዩተር ላይ ከፍታችሁ እዩ፤ ያልተከፈተ ግልባጭ አለ ለማለት አይቻልምና። ላፕቶፑ በቢትሎከር የተቆለፈ ከሆነ ደግሞ፥ 48 አኃዝ ያለውን የመክፈቻ ቁጥር በወረቀት ጽፋችሁ አስቀምጡ፤ ከሌላ ነገር ለመነሣት ስትሞክሩ ሊጠይቃችሁ ይችላል።

ሁለተኛ፤ 8 ጊጋባይት የሚይዝ ፍላሽ አዘጋጁ። በውስጡ ያለው ሁሉ ይጠፋልና ባዶ ይሁን። ራሙ 4 ጊጋባይት ለሆነ አሮጌ ማሽን ሊኑክስ ሚንት፥ በተለይም ኤክስኤፍሲኢ የሚባለው ቀላል ዐይነት ይስማማዋል። መጠኑ ወደ 3 ጊጋባይት ስለሆነ ለብቻ ከማውረድ ለአምስት ሆኖ አዋጥቶ ማውረድ ይሻላል። የምታወርዱት ከራሱ ከሠሪው ድረ ገጽ ይሁን። ከዚያ ሩፉስ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም በፍላሹ ላይ ይጻፋል፤ ፋይሉን እንዲሁ ገልብጦ ማስቀመጥ ብቻውን አይሠራም።

ሦስተኛ፤ ፍላሹን ሰክታችሁ ማሽኑን እንደ ገና አስነሡ። በዴልና በሌኖቮ አብዛኛውን ጊዜ ኤፍ 12ን፥ በኤች ፒ ኤፍ 9ን ደጋግማችሁ ስትጫኑ «ከየት ልነሣ?» ይላችኋል፤ ፍላሹን ምረጡ። አዲሱ ሲስተም በፍላሹና በራሙ ላይ ብቻ ይሠራል፤ ዊንዶውሳችሁ ባለበት ተኝቷል። አጥፍታችሁ ፍላሹን ስትነቅሉ እንደ ቀድሞው ይነሣል። «ኢንስቶል» የሚለውን ምልክት ግን አትንኩ፤ የዊንዶውሱን ዲስክ ከፍታችሁም ምንም አትሰርዙ፤ በዚያ የሰረዛችሁት በእውነት ይሰረዛልና።

አራተኛ፤ የዘወትር ሥራችሁን ሞክሩበት። ዋይፋዩ ይይዛልን? ድምፁ ይሰማልን? ፕሪንተሩ ያትማልን? በአማርኛስ ይጻፍበታልን? በዩኒኮድ የተጻፈ አማርኛ በደኅና ይነበባል፤ ነገር ግን ኒያላ በሚባለው የዊንዶውስ ፎንት የተዘጋጀ ደብዳቤ ሌላ ፎንት ሲተካለት የገጹ አሰላለፍ ሊናጋ ይችላል። በአሮጌው ቪዡዋል ግዕዝ የተጻፈ ሰነድ ደግሞ ፎንቱ ከሌለ ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ሆኖ ይወጣል። ጉራግኛ የምትጽፉም፥ ከተጨማሪ ፊደላቱ አንዳንዶቹ ዩኒኮድ ውስጥ የገቡት በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ስለሆነ፥ በባዶ ሣጥን ፈንታ ፊደል መታየቱን አረጋግጡ።

ወጣት የመንግሥት ሠራተኞች ሆይ፤ ይህ ሁሉ የሚነገረው ስለ ግል ላፕቶፓችሁ ነው። የመሥሪያ ቤት ኮምፒዩተር የሕዝብ ንብረት ስለሆነ፥ ያለ ኃላፊው ፈቃድና ያለ አይቲ ባለሙያው ዕውቀት ፍላሽ እንኳ አይሰካበትም።

ሁለት ሳምንት ሞክራችሁ ከወደዳችሁት ያን ጊዜ መጫን ይቻላል። ባትሪው ሞልቶ፥ መብራትም ባለበት ሰዓት ይሁን፤ መብራት መካከል ላይ ቢጠፋ ሥራው ተቋርጦ ማሽኑ ሳይነሣ ሊቀር ይችላልና። «ከዊንዶውስ ጎን ጫን» የሚለውንና «ዲስኩን አጥፋ» የሚለውን ምርጫ ለይታችሁ፥ ሁለት ጊዜ አንብባችሁ፥ ከዚያ ተጫኑ።

ከአባቱ ፎቶግራፎች የተረፉት በእኅቱ ስልክ ላይ የነበሩት ሦስቱ ብቻ ናቸው። የአክስቴ ልጅ ጨዋ ነውና ዳግመኛ አንሥቶብኝ አያውቅም፤ እኔ ግን አልረሳሁትም። ዛሬ ላፕቶፕ ይዞ የሚመጣን ሰው ሁሉ ቡና ከመቅረቡ በፊት የምጠይቀው አንድ ጥያቄ አለ። የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ግርጌ ላይ ሁልጊዜ የምታዩት ቃል ነው፦ ግልባጭስ?