መካነ መቃብሮቻችን መዝገብ ያስፈልጋቸዋል





«ሰው ካልሞተ ወይም ካልሄደ አይመሰገንም» ሲባል እንሰማለን። እኔ ግን በቅርብ ጊዜ ያየሁት ነገር፣ ሰው ከሞተም በኋላ ምስጋናው ከለቅሶው ድንኳን ጋር አብሮ የሚነቀል መሆኑን አስረዳኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በማስተምርበት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎቼን፣ ስለ አንድ ታዋቂ ኢትዮጵያዊ አጭር ድርሰት ጽፈው እንዲያመጡ አዘዝኳቸው። ብዙዎቹ ሻምበል አበበ ቢቂላን መረጡ። በባዶ እግሩ ሮጦ ማሸነፉን ሁሉም ጽፏል። ድርሰቱን ካረምኩ በኋላ፣ «ለመሆኑ አበበ የተቀበረው የት ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው። አብዛኞቹ «ሥላሴ» ብለው መለሱ። አንዲት ልጅ ግን «ሮም» አለች። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ፤ እኔ ግን አልሳቅሁም። ያልነገርናትን ከየት ታውቀዋለች?

በመንበረ ፀባኦት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ብዙ ታላላቅ ሰዎች ማረፋቸው እውነት ነው። ለአገራችን ነፃነት በብዕሯ የተከራከረችው እንግሊዛዊት ሲልቪያ ፓንክኸርስት ከ1953 ዓ.ም. ጀምሮ እዚያ አርፋለች። ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ፣ ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን፣ ጥላሁን ገሠሠም እዚያው ናቸው። እንግዳ ሲመጣም የምንወስደው ወደዚያ ነው። አበበ ቢቂላ ግን ያለው በቅዱስ ዮሴፍ ቤተ ክርስቲያን መካነ መቃብር፣ ወደ ደብረ ዘይት በሚወስደው መንገድ ነው። ያ ስፍራ በዘመኑ የከተማው ዳር ነበር፤ ዛሬ ከተማው አልፎት ሄዷል። ከአንባቢያን መካከል በየቀኑ ጧትና ማታ በአጠገቡ በአውቶቡስና በታክሲ እየተጋፉ የሚያልፉ ብዙ የመንግሥት ሠራተኞች እንደሚገኙ አልጠራጠርም። ስንቶቻችን ወርደን ገብተናል? እኔም ራሴ እስከዚያ ቀን ድረስ አልገባሁም ነበርና ወቀሳው እኔንም ይመለከታል።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ፈቃደኛ የሆኑትን ተማሪዎች ይዤ ሄድኩ። ወደ መቃብሩ ስንቀርብ ልጆቹ ዝም አሉ። እኔም የማውቀውን ነገርኳቸው። አበበ የተወለደው በነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. ነው፤ በክብር ዘበኛ ተቀጥሮ ሲያገለግል ስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነን አሠለጠነው። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ አገሩ ለአዲስ ዓመት ዋዜማ ችቦ በሚያበራበት ምሽት፣ እርሱ በሮም ከተማ በችቦ ብርሃን 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትሩን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ ጨረሰ። ከመጨረሻው መስመር ጥቂት ቀደም ብሎ ያለፈው በ1929 ዓ.ም. ፋሺስቶች ከአክሱም በወሰዱት ሐውልት አጠገብ ነበር። ያ ሐውልት ወደ አገሩ የተመለሰው በ1997 ዓ.ም. ነው። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ደግሞ በቶኪዮ፣ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ከተደረገለት ጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሴኮንድ እንደገና አሸነፈ። በኦሊምፒክ ማራቶን ሁለት ጊዜ በተከታታይ በማሸነፍ ከእርሱ የቀደመ አልነበረም።

መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም. በመኪና አደጋ እግሮቹ ሽባ ሆኑ። ቢሆንም በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ በእንግሊዝ አገር በቀስት፣ በኖርዌይ በረዶ ላይ ደግሞ በውሻ በሚጎተት ጋሪ ተወዳደረ። ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በ41 ዓመቱ ዐረፈ። በቀብሩ ላይ ንጉሠ ነገሥቱ ተገኝተዋል፤ በብዙ ሺሕ የሚቆጠር ሕዝብም ወጥቶ አልቅሶለታል።

ይህን ተናግሬ ስጨርስ አንድ ልጅ እጁን ወደ ሌላ መቃብር ዘርግቶ፣ «ቲቸር፣ ማሞ ወልዴ ማነው?» አለኝ።

እንግዲህ ልብ በሉ። ሻምበል ማሞ ወልዴ አገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ ስትካፈል፣ በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን የሮጠ ሰው ነው። ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ፣ አበበ በእግር ጉዳት ምክንያት ሲያቋርጥ ማሞ አደራውን ተቀብሎ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ አሸነፈ። በዚያው ኦሊምፒክ በ10 ሺሕ ሜትር የብር ሜዳሊያ አግኝቷል። በሙኒክ ደግሞ ጳጉሜን 5 ቀን 1964 ዓ.ም.፣ ማለት አበበ በሮም ባሸነፈበት ዕለት ልክ በ12ኛው ዓመት፣ በማራቶን ሦስተኛ ወጣ። በኋለኛው ዘመኑ ዘጠኝ ዓመት ያህል ታስሮ፣ በ1994 ዓ.ም. ፍርድ ከተሰጠ በኋላ ተፈታ፤ በጥቂት ወራትም ውስጥ ግንቦት 18 ቀን ዐረፈ። ስለ ክሱ መናገር የዚህ ደብዳቤ ጉዳይ አይደለም። እኔ የምለው፣ ሦስት ተከታታይ የኦሊምፒክ ማራቶን ወርቅ ለአገራቸው ያመጡ ሁለት ጓደኛሞች በአንድ መካነ መቃብር ሲያርፉ፣ የአንደኛውን ስም የማያውቅ ተማሪ የምናሳድግ ሰዎች መሆናችንን ነው። «በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል» የተባለው ለእኛ ይመስላል።

አሁን ስለ ታዋቂዎቹ ብቻ የምጽፍ እንዳይመስል፣ የራሴንም ልናገር። አባቴ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት 27 ዓመት ያገለገሉ ጸሐፊ ነበሩ። ፋይል ጠፋ ሲባል እንቅልፍ አይወስዳቸውም ነበር። እርሳቸው ያረፉት እኔ ገና ተማሪ ሳለሁ ነው፤ የተቀበሩትም በከተማችን ባለ አንድ ደብር ቅጥር ግቢ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በፊት እናቴን ይዤ መቃብራቸውን ልናይ ብንሄድ፣ በስፍራው የሌላ ሰው ድንጋይ ቆሞ አገኘን። ቦታው ጠቦ አንዳንዱ ዐፅም ተነሥቶ ነበርና የአባቴ የት እንደ ተዛወረ ጠየቅን። የተቀመጡት ጸሐፊ ትሑት ሰው ነበሩ፤ ነገር ግን የድሮው መዝገብ የት እንደ ገባ አያውቁም። እናቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ አንድ ዛፍ ሥር ጥቂት ቆመችና፣ «ይሁን፤ እዚሁ ግቢ ውስጥ አሉ» ብላ ወጣች። እኔ ግን ይህን መቀበል እስከ ዛሬ አቅቶኛል። ዕድሜ ልካቸውን የሌላውን ሰው ፋይል ሲጠብቁ የኖሩ ሰው የራሳቸው ፋይል ጠፋ!

ስለዚህ ነገሩ የሐውልት ማማር ጉዳይ አይደለም፤ የመዝገብ ጉዳይ ነው። በልጅነቴ በተማርኩበት የሚስዮን ትምህርት ቤት አጠገብ አንዲት ትንሽ የመቃብር ቦታ ነበረች። ድንጋዮቹ ተራ ናቸው፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ቁጥር ነበረው፤ ቁጥሩም በአንድ ወፍራም ደብተር ላይ ከነስሙ፣ ከነቀኑ ተጽፏል። አንድ ሰው ከሩቅ አገር መጥቶ አያቱን ቢጠይቅ በአምስት ደቂቃ ይመራ ነበር። ይህ ሁሉ የሚጠይቀው አንድ ደብተርና አንድ ታማኝ ሰው ብቻ ነው።

ሌላም ምሳሌ በቅርባችን አለ። ጉለሌ በሚገኘው የጦርነት መካነ መቃብር፣ በ1933 ዓ.ም. አገራችን ነፃ በወጣችበት ዘመቻ የሞቱ የእንግሊዝና የአጋሮቿ ወታደሮች ተቀብረዋል። ይህን የሚጠብቀው ድርጅት የተቋቋመው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1917 ሲሆን፣ መሠረታዊ ደንቡ እያንዳንዱ ሟች በስሙ እንዲታሰብ፣ በመኮንንና በተራ ወታደርም መካከል በድንጋይ ልዩነት እንዳይደረግ ነው። ባዕድ አገር ለሞተ ልጃቸው ይህን ያህል ከተጨነቁ፣ እኛ በገዛ አገራችን ላረፉት ምን ያህል ይገባን ነበር?

በለንደን ከተማ ሃይጌት የሚባል መካነ መቃብር አለ። የተከፈተው በ1839 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው። የአባቶቻችን ዘመን ወጣቶች በውይይት ክበብ የተጨቃጨቁበት ካርል ማርክስ፣ የኤሌክትሪክን ሳይንስ ያስፋፋው ማይክል ፋራዴይ፣ ደራሲዋ ጆርጅ ኤልየት እዚያ ተቀብረዋል። ያስተዳድረው የነበረው ኩባንያ ከስሮ ስፍራው ጫካ ሲውጠው፣ በ1975 የአካባቢው ሰዎች ማኅበር አቋቁመው ያዙት። ዛሬ ጎብኚ የመግቢያ ዋጋ ይከፍላል፤ በዚያው ገንዘብ ስፍራው ይጠበቃል። ማኅበር ማቋቋም ደግሞ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። በዕድር ሞታችንን በክብር የምንሸኝ ሕዝብ ነን። የቀረን ከሠልስቱና ከአርባው በኋላ ያለውን ማሰብ ነው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው» እንዲሉ፣ ሥራው ቢከፋፈል ማንንም አይከብድም።

ይህን አሳብ ለሥራ ባልደረቦቼ ባቀርብ ሁለት መልስ ሰጡኝ። አንደኛው፣ «ሕያዋን ቤት አጥተው ለሙታን ታስባለህ?» አለኝ። ነገሩ ከባድ ቢሆንም የእኔ ጥያቄ የቤት ዋጋ የሚያህል ገንዘብ አይፈልግም። ቦታው በጠበበ መጠን ደግሞ መዝገቡ ይበልጥ ያስፈልጋል፤ ዐፅም መነሣቱ ካልቀረ፣ ከየት ተነሥቶ የት እንደ ገባ መጻፍ ግዴታ ነው። ሁለተኛው፣ «ይህ የቤተ ክርስቲያን ጉዳይ ነው» አለኝ። እውነት ነው፤ ቦታው የደብሩ ነው። የሟቹ ስም ግን የቤተ ሰቡ፣ የዝነኛው ሰው ስም ደግሞ የሕዝቡ ነው። ደብሩ ብቻውን የማይችለውን ሕዝቡና ማዘጋጃ ቤቱ ሊያግዙት ይገባል።

ስለዚህ የሚከተሉትን አሳቦች አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ በከተማችን ያሉ መካነ መቃብሮች ሁሉ፣ የየትኛውም እምነት ቢሆኑ፣ የሟቹ ስም፣ ያረፈበት ቀንና የመቃብሩ ቁጥር የሚጻፍበት መዝገብ በሁለት ቅጂ ይኑራቸው። አንዱ በስፍራው፣ ሁለተኛው በማዘጋጃ ቤት ይቀመጥ። በኮምፒዩተር መመዝገቡ ደግ ነው፤ ነገር ግን ኮምፒዩተር እስኪመጣ ተብሎ ደብተሩ አይቆይ።

ሁለተኛ፣ የታወቁ ሰዎች ባረፉበት ስፍራ መግቢያ ላይ፣ ማን የት እንዳለ የሚያመለክት ሰሌዳ ይተከል። እብነ በረድ አያስፈልግም፤ ቀለምና ቆርቆሮ ይበቃል።

ሦስተኛ፣ ትምህርት ቤቶች በዓመት አንድ ቀን፣ ለምሳሌ በጥቅምት 15፣ ተማሪዎቻቸውን ወደ ቅዱስ ዮሴፍ ይውሰዱ። መምህራን ሆይ፣ ይህን ለማድረግ ከበላይ ደብዳቤ እስኪመጣ አንጠብቅ። እኔ የከፈልኩት የታክሲ ሒሳብ ብቻ ነው።

አራተኛ፣ ጡረታ የወጡ የመዝገብ ቤት ሠራተኞች በየደብራቸው ያሉትን አሮጌ መዝገቦች በመገልበጥ እንዲያግዙ እለምናለሁ። ከእነርሱ የተሻለ ይህን ሥራ የሚያውቅ የለም። አባቴ በሕይወት ቢኖሩ የመጀመሪያው እርሳቸው በሆኑ ነበር።

ያቺ «ሮም» ያለችው ልጅ ከመቃብሩ ስንመለስ ደብተሯን አውጥታ የሁለቱንም ስምና ያረፉበትን ቀን ጻፈች። በሰኞው ክፍል፣ «ቲቸር፣ ሌሎቹስ የት የት ናቸው?» ብላ ጠየቀችኝ። የምሰጣት ዝርዝር አልነበረኝም። ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት ስለዚሁ ነው፤ ጥያቄዋን የሚመልስ መሥሪያ ቤት ወይም ማኅበር ይገኝ እንደሆነ።



ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር
አዲስ አበባ