አሳዳጅ ሲከስር

እ.ኤ.አ. በ2006 ለእይታ የበቃውን «ፍሪደምስ ፊዩሪ» የተሰኘ ዘጋቢ ፊልም ሰሞኑን ደግሜ ተመለከትሁት። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ1956 በሜልበርን ኦሊምፒክ የሀንጋሪ የዋተር ፖሎ ቡድን ሶቪየት ኅብረትን 4 ለ 0 ያሸነፈበትን ግጥሚያ ይተርካል። ከአንድ ወር በፊት የሶቪየት ታንኮች ቡዳፔስት ገብተው የሕዝቡን ዐመፅ ደፍጥጠው ነበርና ቂሙ ገንዳው ድረስ ተከትሏቸው መጣ።

ብዙ ተመልካች የሚያስታውሰው ኤርቪን ዛዶር የተባለው ተጫዋች በተቃራኒው ቡድን አባል ተመትቶ ፊቱ በደም ርሶ የወጣበትን ምስል ነው። እኔን ያሳሰበኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ዛዶር ወደ አገሩ አልተመለሰም። የሠለጠነበትን ጨዋታ ትቶ ካሊፎርኒያ ውስጥ የዋና አሠልጣኝ ሆነ። ካሠለጠናቸው ታዳጊዎች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1972 በሙኒክ ሰባት የወርቅ ሜዳሊያ ለአሜሪካ ያስገኘው ማርክ ስፒትዝ ነበር። የፊልሙ ተራኪም ራሱ ስፒትዝ ነው።

እንግዲህ ሒሳቡን እናስላ። በዚያ ዐመፅ ማግስት 200,000 ያህል ሀንጋሪያውያን ተሰደዱ። በ20 ዓመቱ ድንበር ያቋረጠው አንድራሽ ግሮፍ ኒውዮርክ ገብቶ ተማረ፤ በኋላ አንዲ ግሮቭ ተብሎ የኢንቴል ኩባንያ መሪ ሆነ። የሾፕሮን የደን ትምህርት ቤት መምህራንና ተማሪዎች በብዛት አብረው ወጥተው ካናዳ ገቡ፤ የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲም ተቀብሎ ትምህርታቸውን በገዛ ቋንቋቸው እንዲጨርሱ አደረገ።

በሩ የተከፈተው በርኅራኄ ብቻ ነበር ማለት የዋህነት ነው፤ የቀዝቃዛው ጦርነት ስሌት ነበረበት። ሆኖም ስደተኛ ሸክም ነው ለሚሉ ወገኖች ከዚህ የተሻለ መልስ አላውቅም። መማሪያና መሥሪያ ያገኘ ስደተኛ የተቀበለውን አገር ጠቀመ፤ ኪሣራው የአሳዳጁ ሆነ።

የሚያሳዝነው ግን ሰው መርሳቱ ነው። ልጆቿን ጎረቤት ኦስትሪያ የተቀበለችላት ሀንጋሪ፣ እ.ኤ.አ. በ2015 በሰርቢያ ድንበር ላይ ስደተኛ የሚያግድ አጥር አቆመች።

ሀንጋሪን ስንወቅስ ግን ራሳችንንም እንይ። ከ1966ቱ አብዮት ወዲህ ስንት ሐኪም፣ ስንት መምህር፣ ስንት መሐንዲስ ሸኘን? መንግሥታት ሲለዋወጡ መሸኘቱ አልቆመም። እኛም በውጭ ያለውን ወገን የምናስታውሰው በሚልከው ዶላር መጠን ሆኗል። የዶላሩ ሒሳብ ባንክ ቤት ተመዝግቦ ይገኛል። እዚህ ሊያስተምራቸው ይችል የነበሩትን ልጆች፣ እዚህ ሊያድናቸው ይችል የነበሩትን ሕሙማን የመዘገበልን ግን ማን ነው?