ዕዳው የእኛ ነው፦ የአስነጋሪዎች ማኒፌስቶ

እኛ የቤታችን የመጀመሪያዎቹ ነን። ከጎጃም፣ ከጮቄ ተራራ ሥር፣ ከስናንና ከቢቡኝ፣ ከማቻከልና ከአነደድ፣ ከደብረ ኤልያስና ከጎዛምን ገጠር ተነሥተን ዩኒቨርሲቲ የገባን ልጆች ነን፤ ከእኛ በፊት ከቤታችን ያን በር የረገጠ የለም። አባቶቻችን ገብስና ድንች፣ ስንዴና ጤፍ ያመርታሉ። እናቶቻችን በሶ አስፈጭተው፣ ሽሮና በርበሬ ቋጥረው አስተምረውናል። ከእነርሱ ብዙዎቹ ፈርሙ ሲባሉ አውራ ጣታቸውን ነው ቀለም የሚያስነኩት። ዛሬ በእጃችን ዲግሪ አለ። ዲግሪውን ምን ልናደርግበት እንደቆረጥን እዚህ እንናገራለን።

የሁላችንም ታሪክ አንድ ስለሆነ የእኔን ልንገር። የምዝገባ ቀን አባቴ ጋቢውን ደርቦ፣ ስንቄን በማዳበሪያ ከረጢት ተሸክሞ አብሮኝ ገባ። ከሬጅስትራር መስኮት ፊት ብዙ ተሰልፈን ተራዬ ሲደርስ የወጪ መጋራት ውል ተሰጠኝ። የትምህርት ክፍያ፣ መኝታ፣ ምግብ በዓይነት ወይስ በጥሬ ገንዘብ፤ ከግርጌው የፊርማ ቦታ። ድምፄን ዝቅ አድርጌ አነበብኩለት። “ዕዳ” የምትለዋን ቃል ሲሰማ ፊቱ ተለወጠ። “ልጄ፣ ዕዳው በማን ላይ ነው? በሬዎቹን ይነካል?” አለኝ። አላውቅም ነበር። ከፊታችንም ከኋላችንም የተሰለፉት አያውቁም። እጄ እየተንቀጠቀጠ ፈረምኩ፤ የአባቴን ጥንድ በሬ ያስያዝኩ መስሎኝ ስንት ሌሊት ሳልተኛ አደርኩ። ውሉ የተማሪው ብቻ እንደሆነ፣ ዕዳውም ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ከደመወዙ እየተቆረጠ እንደሚከፈል የሚያውቅ አንድ ሰው አጠገባችን ቢቆም ኖሮ ነገሩ በሁለት ደቂቃ ያልቅ ነበር።

በዚያው ሴሚስተር የሒሳብ ሚድ ፈተና ወደቅሁ። መምህሩ የማማከሪያ ሰዓቱን በቢሮው በር ላይ ለጥፏል። እኔ ባደግሁበት አገር ግን ቢሮ የሚጠራ ሰው ወይ ተከሷል፣ ወይ ግብር ቀርቶበታል። ስለዚህ በዚያ በር ፊት አልፌ እሄዳለሁ እንጂ አላንኳኳም። በሁለት ዓመት የምትቀድመኝ የሉማሜ ልጅ ናት እስከ በሩ ወስዳ “ግባ፣ መምህሩ የተቀመጠው ለዚህ ነው” ያለችኝ። ገባሁ። ያን ኮርስ አለፍኩ። የእንቅስቃሴያችን ሐሳብ በሙሉ ከዚያች ልጅ ቃል የወጣ ነው።

ያየነው

ዩኒቨርሲቲ በመማሪያ ክፍል ከሚሰጠው ሌላ ማንም የማያስተምረው አንድ ትምህርት አለው። የመጀመሪያው ሴሚስተር ግሬድ እስከ ምረቃ ተከትሎ እንደሚመጣ፣ ኮርስ ለመጨመርና ለመጣል የተወሰነ ቀን እንዳለ፣ ዋርኒንግ ማለት መባረር እንዳልሆነ፣ በዲስሚሳል የወጣ ተማሪ ተመልሶ ሊያመለክት እንደሚችል፣ የትምህርት ክፍል ሲመረጥ የጓደኛን ምርጫ መከተል ዋጋ እንደሚያስከፍል፤ ይህ ሁሉ ትምህርት ነው። የመምህርና የሐኪም ልጅ በራት ገበታ ላይ ይሰማዋል። የገበሬው ልጅ የሚሰማው ከወደቀ በኋላ ነው።

እስከዚያ በር መድረስ ራሱ ስንት ያስከፍላል? ከገጠር ቀበሌ መጥቶ በከተማ ሁለተኛ ደረጃ የሚማር ልጅ ከሦስት ጓደኞቹ ጋር አንድ ክፍል ይከራያል፤ ቅዳሜ ስንቅ ሊያመጣ በእግሩ ወደ ቤቱ ይወጣል፣ እሑድ ዳቦውንና በሶውን ተሸክሞ ይመለሳል። ከዚህ ሁሉ በኋላ 12ኛ ክፍል ይፈተናል። ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች መሰጠት በጀመረበት በ2014 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ ከተፈተኑት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2 ከመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 ከመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 ከመቶ ሆኑ። በ2015 ዓ.ም. ከ1,300 በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። በእኛ በአማራ ክልል ደግሞ በግጭት ምክንያት ትምህርት ቤት ተዘግቶበት ዓመታት የባከኑበት ልጅ ብዙ ነው። ከዚህ ሁሉ ተርፎ ግቢ የገባ ልጅ አንድ ቅጽ የሚያስረዳው አጥቶ ሲመለስ ማየት የእህል ዘር ደጅ ተበትኖ እንደማየት ነው።

ሥራችን ከየት እንደሚመዘዝ

ቀድሞ የመጣው አዲሱን መምራቱ ለጎጃም እንግዳ አይደለም። ዲማ ጊዮርጊስ፣ ደብረ ወርቅ፣ መርጡለ ማርያም፣ ደብረ ኤልያስ፣ ዋሸራ የዕውቀት አገር የሆኑት በመምህራኑ ብቻ አይደለም። የቆሎ ተማሪው ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ከማያውቀው ደብር ሲደርስ ጎጆ የሚያስጠጋው፣ የትኛው መንደር ውሻው እንደሚያስቸግር የሚነግረው ቀድሞት የመጣ ተማሪ ነው። በቅኔ ቤት ደግሞ አስነጋሪ አለ። አዲሱ ተማሪ ሲቆጥር የዋለውን ቅኔ ከመምህሩ ፊት ከመድረሱ በፊት ለአስነጋሪው ይነግራል፤ አስነጋሪው ያዳምጣል፣ ያቃናል፣ የጎደለውን ያሳያል። አስነጋሪው ራሱ ገና ተማሪ ነው። ከጉባኤ ቃና ወደ መወድስ የሚወጣውን ዳገት ትናንት ስለወጣው የቱ ጋ እንደሚያንሸራትት አልረሳም።

በዚህ መንገድ ካለፉት አንዱ ሐዲስ ዓለማየሁ ናቸው። እዚሁ ደብረ ማርቆስ አጠገብ፣ እንዶዳም ኪዳነ ምሕረት ተወልደው፣ በጎጃም የአብነት ትምህርት ቤቶች ተምረው፣ ዘመናዊውን ትምህርት በአዲስ አበባ ቀጥለው እስከ ትምህርት ሚኒስትርነት ደረሱ። ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም. ሲከፈት እኛ ሕፃናት ነበርን። በሩ ወደ ሰፈራችን መጣ። አስነጋሪው ግን ከቅኔ ቤቱ ወደ ግቢው አብሮ አልተሻገረም። የጎደለን ይህ ነው።

የተማረ ልጅ ወጥቶ እንዲያገለግል ማድረግን አገራችን ከዚህ በፊትም ሞክራዋለች። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በ1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ አገልግሎትን ሲጀምር ተማሪው ዲግሪውን ከመቀበሉ በፊት አንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛቶቹ ሄዶ እንዲያገለግል አደረገ፤ ብዙዎቹም መምህር ሆነው አገለገሉ። በዚያው ሰሞን በአሜሪካ የድሆችን ልጆች ለኮሌጅ የሚያዘጋጀው አፕዋርድ ባውንድ የተባለው ፕሮግራም ተወለደ። የአሜሪካ ሕግ ቆየት ብሎ ወላጆቹ የመጀመሪያ ዲግሪ ያልያዙትን ተማሪ ለይቶ ስም ሰጠው፤ ድጋፍም መደበለት። እኛ ያን ተማሪ ለይተን አልጠራነውም፤ በእኛ አገር ከሞላ ጎደል ሁሉም እርሱ ነበርና። ዛሬ ግን ወላጆቹ የተመረቁ ልጅና ወላጆቹ ፊደል ያልቆጠሩ ልጅ በአንድ ዶርም ይተኛሉ፣ በአንድ ፈተና ይመዘናሉ። ልዩነታቸውን አይተን እንዳላየን ማለፍ አንችልም።

የምናምነው

ክረምት ላይ የጨሞጋ ወንዝ ሲሞላ መልካውን የሚያውቀው አሁን የተሻገረው ነው። ውኃው ከጉልበቱ ሳይደርቅ ዘወር ብሎ “በዚህ በኩል ና” የሚል ሰው የሌሎችን ሕይወት ያተርፋል። ከተሻገረ ሃያ ዓመት ያለፈው ግን ወንዙ ቦታ እንደለወጠ አያውቅም። ስለዚህ ለመጀመሪያው ተማሪ ምርጡ ረዳት ትናንት የመጀመሪያው የነበረ ሰው ነው ብለን እናምናለን።

አዲሱ ተመራቂም ራሱ ረዳት የሚሻ ሰው እንደሆነ እናምናለን። ጋዋኑን አውልቆ ወደ ቤቱ ሲመለስ የሚጠብቀው የማስታወቂያ ሰሌዳ ነው፤ ሰሌዳው ሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ይላል። ልምድ ያለ ሥራ አይገኝም፤ ሥራም ያለ ልምድ አይሰጥም። አንዱ ልጅ መንገድ የሚያሳየው አጥቶ ይወድቃል፤ ሌላው ልጅ መንገዱን እያወቀ ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል። ሁለቱን ማገናኘት የእኛ ሥራ ነው።

የምንሠራው

አንደኛ፣ ለትርፍ ያልቆመ የአገር ልጆች ድርጅት እናቋቁማለን። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ለዚህ በር ከፍቶልናል። በድርጅቱ ውስጥ ለአዲስ ተመራቂዎች የሁለት ዓመት ፌሎውሺፕ ይኖራል፤ እኛ አስነጋሪነት እንለዋለን።

ሁለተኛ፣ አስነጋሪው የመጀመሪያውን ዓመት በገጠር ወረዳ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ ሁለተኛውን በዩኒቨርሲቲ ግቢ ይሠራል። ከ30 የማይበልጡ ልጆች በስማቸው ይያዙለታል። ያጠናቸዋል፣ ያስጠናቸዋል፣ ቤታቸው ይሄዳል። የወጪ መጋራቱን ውል አባትና እናት ባሉበት፣ በሚገባቸው አማርኛ፣ ምድጃው አጠገብ ተቀምጦ ያስረዳል። ነጥብ ሳይሞላላቸው ሪሚዲያል ወደተባለው የማካካሻ ትምህርት የሚገቡትንም ከሌሎቹ አይለይም።

ሦስተኛ፣ ወንፈል እንገባለን። የስናን ልጅ ጅግጅጋ፣ የማቻከል ልጅ ዲላ ይመደባል፤ የጋሞና የአፋር ልጅ ደግሞ ወደ ደብረ ማርቆስ ይመጣል። ልጃችንን በዚያ የሚቀበልልን እንዲኖር እነርሱን እዚህ መናኸሪያ ወርደን እንቀበላለን። ልጁ ከየት እንደመጣ የምንጠይቀው መንገድ እንዴት እንደነበረ ለመስማት ብቻ ነው። እርሻውን አርሰንለት እርሻችንን የሚያርስልን ጎረቤት እንዴት እንደሚገኝ ከአባቶቻችን ተምረናል።

አራተኛ፣ ከአስነጋሪዎቹ ቢያንስ ግማሹ ሴቶች ይሆናሉ። ለልጁ ትዳር እያሰበ ያለ አባት በወሬ አይመለስም። ተምራ፣ ሥራ ይዛ፣ ደኅና ሆና ቤቱ ድረስ የመጣች የአገሩ ልጅ ከፊቱ ስትቀመጥ ግን ሐሳቡን ሲለውጥ አይተናል።

አምስተኛ፣ ትምህርት የተቋረጠበትን ልጅ እንፈልገዋለን። በ20 ዓመቱ 10ኛ ክፍል ለመመለስ የሚያፍር ወጣት በየቀበሌው አለ። እኛ ቀድመን እንሄድለታለን።

ስድስተኛ፣ ለአስነጋሪው ደመወዝ ይከፈላል። ቤት ተከራይቶ፣ በልቶ፣ ለእናቱም ትንሽ የሚልክበት ይሁን። መዝገብ መያዝ፣ ሪፖርት መጻፍ፣ በጀት ማንበብ፣ ስብሰባ መምራት ይማራል፤ በሙያው የበሰለ አንድ ታላቅ ይመደብለታል። ሁለቱን ዓመት ሲጨርስ ሰሌዳው የሚጠይቀው ልምድ በእጁ ይሆናል።

የ1957ቱ አገልግሎት ግዴታ ነበር፤ የእኛ በፈቃድ ነው። የማንንም ልጅ ፎቶ አንሥተን ድህነቱን ለእርዳታ አናሳይም። የልጁን ማመልከቻ አንጽፍለትም፤ እርሱ ይጽፋል፣ እኛ እናቃናለን። የወደቀውንም ቁጥራችን እንዳይቀንስ ብለን ከመዝገብ አንፍቅም።

ጥሪያችን

እናንተ ዘንድሮ የምትመረቁ፣ የመጀመሪያ ቀናችሁን አስታውሱ። ያን ቀን ማንን ፈልጋችሁ ነበር? ያን ሰው ሁኑ። ዩኒቨርሲቲዎች ሆይ፣ በምዝገባ ቀን ከሬጅስትራር መስኮት አጠገብ አንድ ወንበርና አንድ ጠረጴዛ ስጡን። በአዲስ አበባና በውጭ አገር ያላችሁ የጎጃም ልጆች፣ ለተዝካርና ለሠርግ በየጊዜው የምታዋጡትን እናውቃለን፤ የአንድ አስነጋሪ የዓመት ደመወዝ ለመሸፈን ጥቂት ሆናችሁ ተሰብሰቡ። የአብነት መምህራን ሆይ፣ አስነጋሪ እንዴት እንደሚመረጥ፣ እንዴት እንደሚገራ ከእናንተ በላይ የሚያውቅ የለምና አማክሩን። አባቶቻችንና እናቶቻችን፣ ልጆቻችሁን አምናችሁ ስጡን፤ የምንሄድበትን መንገድ በየወሩ ደጃችሁ መጥተን እንነግራችኋለን።

አባቴ ያን ቀን የጠየቀኝን ጥያቄ የመለስኩለት ከአራት ዓመት በኋላ፣ የምረቃዬ ዕለት ነው። “አባባ፣ ዕዳው በእኔ ላይ ነበር፤ በሬዎቹን አይነካም” አልኩት። ራሱን ነቅንቆ ሳቀ። የመንግሥቱን ዕዳ ከደመወዛችን እየተቆረጠ እንከፍለዋለን። እስከ ቢሮው በር ይዛኝ የሄደችው ልጅ ግን ምንም አላስፈረመችኝም። የእርሷ ዕዳ ለእርሷ ተመልሶ አይከፈልም፤ የሚከፈለው ለሚቀጥለው ልጅ ነው። በመጪው የምዝገባ ቀን ማዳበሪያ ከረጢት ተሸክሞ የሚመጣ ሌላ አባት አለ። እርሱ ከመድረሱ በፊት እኛ በሩ ላይ እንገኛለን።