መሣሪያው ለራሱ ምስክር አይሁን



የመመረቂያ ፕሮጀክት ወቅት ሲደርስ «የሠራነው መሣሪያ ሲግናሉን በ2 ሚሊ ሰከንድ ውስጥ ይለያል» የሚል ዓይነት ዓረፍተ ነገር በየሪፖርቱ ይጻፋል። ማን ለካው? ሲባል መልሱ ብዙ ጊዜ «ራሱ መሣሪያው» ነው። ይህ ልማድ መቆም አለበት እላለሁ።

በመሣሪያው ውስጥ ያለው ኮድ ጊዜ መቁጠር የሚጀምረው ሲግናሉን ካየ በኋላ ነው። ሲግናሉ ደርሶ ሳይታይ የቆየበት ጊዜ አይመዘገብም። ኮዱ ሴንሰሩን በየ10 ሚሊ ሰከንዱ የሚያይ ከሆነ እስከ 10 ሚሊ ሰከንድ ሳይቆጠር ሊያልፍ ይችላል።

ነገሩ የማርክ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ኤሌክትሪክ ሲያፈስ መስመር የሚያቋርጥ መሣሪያን እናስብ። በዓለም አቀፉ ደረጃ መሠረት ለ30 ሚሊ አምፔር የተሠራው፣ የዚህ 5 እጥፍ ሲፈስ በ40 ሚሊ ሰከንድ ውስጥ ማቋረጥ አለበት። ያልተቆጠረው 10 ሚሊ ሰከንድ የዚህ ሩብ ነው።

መፍትሔው ውድ አይደለም። አንድ ተጨማሪ አርዱይኖ ኡኖና ጥቂት ሽቦ ይበቃል፤ ሙከራው በዝቅተኛ ቮልቴጅ ብቻ ይሁን፣ የሁለቱም ግራውንድ ይገናኝ። ሁለተኛው ቦርድ የሙከራ ሲግናል ይልካል፤ የመሣሪያው ምላሽ በፒን 8 ይገባለታል። ታይመር 1 ምላሹ የደረሰበትን ቅጽበት ኮድ ሳይጠብቅ በሃርድዌር ይይዛል። በ16 ሜጋኸርዝ አንዱ ቆጠራ 62.5 ናኖ ሰከንድ ነው። ቆጣሪው በየ4.096 ሚሊ ሰከንዱ ሞልቶ ወደ ዜሮ ስለሚመለስ፣ ስንት ጊዜ እንደሞላም መቁጠር ግድ ነው። በቅድሚያ ላኪውን ፒን ከፒን 8 ጋር በቀጥታ አገናኙት፤ የሚወጣው ቁጥር የመለኪያው የራሱ መዘግየት ስለሆነ ከውጤቱ ይቀነሳል።

መድረሳ የተማርን እናውቀዋለን፤ ሐፍዣለሁ ያለ ልጅ ለራሱ አይመሰክርም፣ ኡስታዙ ፊት ቀርቦ ያሰማል። ኡስታዙም ሁልጊዜ ከሱራው መጀመሪያ አያስጀምረውም፤ ከመሃል ያነሳበታል። የሙከራ ሲግናሉም እንደዚሁ ባልተስተካከለ ልዩነት ይላክ። በየ100 ሚሊ ሰከንዱ ከላክነው፣ በየ10 ሚሊ ሰከንዱ የሚያየው ኮድ ሁሌ በአንድ ቦታ ስለሚያገኘው መዘግየቱ እውነተኛ መልኩን አያሳይም።

በሪፖርቱ ላይ ከአማካዩ ጋር ትልቁን መዘግየትም እንጻፍ። ሽቦ የነካ ሰው የሚደርሰው የዚያች ቅጽበት መዘግየት እንጂ አማካዩ አይደለም።

ዘንድሮ ፕሮጀክት ያላችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ከዲፌንስ በፊት የጓደኛችሁን ቦርድ ተዋሱና ለኩት።