ለነፍሰ ጡሯ በምታውቀው ቋንቋ

በባሕረ ሰላጤው አገሮች የምትኖር አማርኛ ተናጋሪ ነፍሰ ጡር፣ የክትትል ቀጠሮዋን የሚያስታውስ የስልክ መልእክት በዐረብኛ ወይም በእንግሊዝኛ ሲደርሳት ቀኑንና ሰዓቱን ትረዳ ይሆናል። ሌሊት እንቅልፍ የሚነሳትን ጭንቀት ግን መልእክቱ አይነካውም። እናቷና እህቶቿ ሩቅ ናቸው፤ ወገቧን የምታሽላት፣ «አይዞሽ» የምትላት ጎረቤትም ላትኖር ትችላለች።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው ከነፍሰ ጡሮች 10 በመቶ ያህሉ የአእምሮ ጤና እክል ያጋጥማቸዋል፤ በታዳጊ አገሮች መጠኑ 15.6 በመቶ ይደርሳል። ሁሉም ሐኪም ዘንድ አይቀርቡም። ብዙዎቹ «እርግዝና ነው፣ ያልፋል» ተብለው ይተዋሉ።

ጭንቀትን ከሚያቃልሉ መንገዶች አንዱ መሣሪያ አይሻም። አሜሪካዊው ሐኪም ኤድመንድ ጃኮብሰን እ.ኤ.አ. በ1929 በመጽሐፍ ያቀረቡት፣ ጡንቻን አጥብቆ በቀስታ የመልቀቅ ልምምድ ነው። በነፍሰ ጡሮች ላይ ተሞክሮም ጭንቀትን ሲቀንስ ታይቷል። በአጭር መልእክት ሊመራ ይችላል፦ «ትከሻሽን ወደ ላይ ሳቢ፤ አጥብቂ፤ በቀስታ ልቀቂ። አሁን ረዥም ትንፋሽ ተንፍሺ።» በግዕዝ ፊደል የሚጻፍ አንድ መልእክት ከ70 ሆሄያት አያልፍምና፣ ጸሐፊው ቃል መቆጠብ ግድ ይለዋል፤ ለደከመች ሴትም የሚበጃት ይኸው ነው። በመጨረሻዎቹ ወራት ልምምዱ በጎን ተኝቶ ወይም ተቀምጦ ቢሆን ይመረጣል።

ደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ2014 የጀመረችውን፣ ለነፍሰ ጡሮች በነፃ መልእክት የሚልከውን ሞምኮኔክት በ11 ብሔራዊ ቋንቋዎቿ አዘጋጅታዋለች። የአካባቢያችን ጤና ተቋማትም አማርኛን ቢጨምሩ ከአቅማቸው በላይ አይሆንም። ትርጉም ብቻ ግን አይበቃም። ከሱብሒ ሶላት በኋላ በዚክር የምትቀመጥ እህት የትንፋሽ ልምምዱን ከዚያው ሰዓት ጋር ብታያይዘው ይቀላታል። በረመዷንም ለራሷ ወይም ለፅንሷ የምትሰጋ ነፍሰ ጡር ሸሪዓ ጾሙን እንድትተው እንደሚፈቅድላትና ሐኪሟን እንድታማክር የሚያስታውስ አንድ መስመር፣ ብዙ ቀናት በጥርጣሬ ከመብሰልሰል ያድናታል።

ስልኩ አንዳንዴ በባል ወይም በአሠሪ እጅ ይገባል። ስለዚህ የሕመም ስም በመልእክቱ መጻፍ የለበትም፤ ሴቲቱም በፈለገች ጊዜ ማቋረጥ መቻል አለባት።

ደም መፍሰስ፣ ብርቱ ራስ ምታት፣ የፅንስ እንቅስቃሴ መቀነስ በትንፋሽ ልምምድ የሚታለፉ አይደሉም። የመጀመሪያው መልእክት የአምቡላንስ ቁጥር ይያዝ፦ በተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶች 998፣ በሳዑዲ ዐረቢያ 997።