ጉባዔው ባለቋንቋዎቹን ይጥራ

ጋፋት የሚባል ቋንቋ ነበረን። ፕሮፌሰር ቮልፍ ሌስላው በ1947 እ.ኤ.አ. ጎጃም ድረስ ሄደው ያገኙት ተናጋሪ አራት ሰው ብቻ ነበር። ዛሬ አንድም የለም።

እንግዲህ በወልድያና በመርሳ ያለን ተማሪዎች ስለሚጠፉ ቋንቋዎች ጉባዔ እናድርግ ስንል፣ ወረቀት አንብበን፣ አጨብጭበን፣ ሻይ ጠጥተን ለመለያየት ከሆነ ባይደረግ ይሻላል። ኽምጣንጋ የሚነገርበት ዋግ ኽምራ ጎረቤታችን ነው፤ አርጎብኛም እዚሁ ወሎ በሾንኬ ይነገራል። ባለቋንቋዎቹ አድማጭ ሆነው ከኋላ ሳይሆን ተናጋሪ ሆነው ከፊት ይቀመጡ።

«ጦርነት ባደቀቀው አገር የቋንቋ ነገር ቅንጦት ነው» የሚሉ አሉ። የፈረሰ ቤት ይሠራል፤ ተናጋሪው ያለቀበት ቋንቋ ግን ከየት ይመጣል? የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 5 ቋንቋዎች ሁሉ እኩል የመንግሥት ዕውቅና እንዲኖራቸው ደንግጓል፤ ዳሩ ግን ሕግ ለልጅ ተረት አይነግርም።

ስለዚህ ቋንቋዎቹን የሚያውቁ ጓደኞቻችን በክረምት ዕረፍታቸው የሽማግሌዎችን ተረት፣ የእህሉንና የዕፀዋቱን ስም በድምፅ ቀድተው ይምጡ፤ ሌሎቻችን አብረናቸው በጽሑፍ እናሰናዳው። አንዱ ቅጂ ለቤተ መጻሕፍታችን፣ ሌላው ለተናጋሪዎቹ መንደር ይሁን። መምህራኖቻችንስ ምን ይላሉ?