በፈቃዱ የመጣ በፈቃዱ ይሄዳል

የበጎ ፈቃድ ማኅበር ማቋቋም ብዙ አያስቸግርም፤ አስቸጋሪው ጠብቆ ማኖሩ ነው። ደመወዝተኛ የሆነ ሰው አለቃው ቢበድለው እንኳ የወሩን መጨረሻ እያሰበ ይታገሣል። በፈቃዱ የሚያገለግል ሰው ግን ከሥራው ጋር የሚያስተሳስረው ገመድ አንድ ብቻ ነው፤ ይኸውም ድካሜ ለቁም ነገር ይውላል የሚለው እምነቱ ነው። ይህ ገመድ የላላ እንደሆነ ያጉረመርማል፤ የተበጠሰ እንደሆነ ደግሞ የስንብት ደብዳቤ እንኳ ሳይጽፍ ይቀራል።

ለዚህ ነገር በብሪታንያ የሚገኘው የአየር ካዴቶች ድርጅት ጥሩ ምሳሌ ይሆነናል። ድርጅቱ የተቋቋመው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መካከል እ.ኤ.አ. በ1941 ሲሆን፣ በ1938 የተመሠረተ አንድ የወጣቶች የአየር መከላከያ ጓድ መሠረት ሆኖታል። በዚያን ጊዜ ዓላማው ለአየር ኃይሉ ወጣቶችን ማዘጋጀት ነበር። ዛሬ አባሎቹ የደንብ ልብስ ይልበሱ እንጂ ወታደሮች አይደሉም። ከ12 ዓመት ገደማ ጀምሮ 20 ዓመት እስኪሞላቸው ድረስ በሳምንት ሁለት ማታ ያህል እየተሰበሰቡ ሰልፍ፣ ካርታ ማንበብ፣ የመጀመሪያ ሕክምና ርዳታና የበረራ ትምህርት የሚማሩ ልጆች ናቸው። አብዛኞቹ አስተማሪዎቻቸው ደግሞ ቀን በየሥራቸው ውለው ማታ ዕረፍታቸውን የሚሠዉ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ከነርሱ ብዙዎቹ ምንም አይከፈላቸውም፤ ለቀሩትም ቢሆን አበል የሚታሰበው በዓመት ውስጥ ለተወሰኑ ቀናት ብቻ ነው።

እንግዲህ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል ወር 2014 ካዴቶቹ የሚሠለጥኑባቸው ተንሳፋፊ አውሮፕላኖች እንዳይበሩ ታገዱ። ምክንያቱ የአውሮፕላኖቹ አጠባበቅና የጥገና መዝገባቸው አስተማማኝ ሆኖ አለመገኘቱ ነበር። የልጆች ሕይወት የሚጠየቅበት ነገር ስለሆነ እገዳው ተገቢ መሆኑን ማንም አይክድም። ነገር ግን መዝገቡ እዚያ ደረጃ እስኪደርስ ድረስ ተቈጣጣሪው ወዴት ነበር ብሎ መጠየቅም ተገቢ ነው። ስለ ወደፊቱ ዕቅድ ዋናው ውሳኔ የተነገረው ሁለት ዓመት ያህል ካለፈ በኋላ በማርች 2016 ሲሆን፣ እርሱም ሥልጠናው ባነሱ አውሮፕላኖች እንዲቀጥል፣ ብዙዎቹ የበጎ ፈቃድ የበረራ ማሠልጠኛ ክፍሎችም እንዲዘጉ የሚል ነበር። በ2018 ደግሞ ቪጂላንት የተባሉት ባለሞተር ተንሳፋፊዎች ጨርሰው ከአገልግሎት ወጡ።

ለአንድ መሥሪያ ቤት ሁለት ዓመት ረጅም ጊዜ ላይመስል ይችላል። ለ17 ዓመት ልጅ ግን የካዴትነት ዘመኑ ማለቂያ ነው። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተትዋንም አላይ» እንደሚባለው፣ እበራለሁ ብሎ ተመዝግቦ ሳይበር የወጣ ልጅ ጥቂት አይደለም። በየሳምንቱ «መቼ ነው የምንበረው?» እየተባለ የሚጠየቀው ደግሞ ውሳኔውን የሰጠው ባለሥልጣን ሳይሆን፣ ከልጁ ፊት የቆመው በጎ ፈቃደኛ አስተማሪ ነው። መልስ የሌለው ሰው በተማሪው ፊት ሲያፍር ምን እንደሚሰማው ያስተማረ ሁሉ ያውቀዋል።

በ2017 ሌላ ለውጥ መጣ። በጎ ፈቃደኛ መኰንኖቹ ለብዙ ዐሥርተ ዓመታት ይዘውት የኖሩት የአየር ኃይሉ ተጠባባቂ መኰንንነት ቀርቶ፣ የካዴት ኃይሎች መኰንንነት የሚባል አዲስ ሹመት ተተካ። ለውጡ የራሱ ምክንያት ነበረው። ሆኖም ገንዘብ ለማይቀበል ሰው ማዕርጉ የደመወዙን ያህል ነው፤ በማዕርግ ላይ የሚደረግ ለውጥ ከባለቤቱ ጋር አስቀድሞ ምክር ሊደረግበት ይገባል።

አንዳንዶች «በፈቃዱ የገባ ሰው ካልተስማማው ይውጣ እንጂ ለምን ያማርራል?» ይላሉ። ይህ አነጋገር የችግሩን ሥር አያይም። የሚያማርር በጎ ፈቃደኛ ገና ተስፋ ያልቈረጠ ሰው ነው። የሚያስፈራው ዝም ያለው ነው፤ ምክንያቱም እርሱ ልቡ ከሄደ ቆይቷል። እርሱን የሚተካ ሰው በማስታወቂያ ሊገኝ ይችል ይሆናል፤ የዐሥር ዓመት ልምድና የልጆቹ አመኔታ ግን በማስታወቂያ አይገኝም።

ይህን የምናነሣው የሩቅ አገር ወሬ ለማውራት ብለን አይደለም። በአገራችንም ክረምት በመጣ ቁጥር ተማሪዎች ለማስጠናት፣ ችግኝ ለመትከል፣ ደም ለመለገስ በፈቃዳቸው ይወጣሉ። ከአንባቢዎቻችን አንዳንዱ ራሱ ወጪ ይሆናል፤ ሌላው ደግሞ በያዘው አዲስ ወንበር ምክንያት እነዚህን ወጣቶች እንዲመራ ይታዘዛል። ለመሪው የምንለው አጭር ነው። በሦስት ሰዓት ኑ ብሎ የቀጠረ አካፋውንና ችግኙን በሦስት ሰዓት ያቅርብ። ሥራው ቢሰረዝ ምክንያቱን ዕለቱን ይናገር። አስተማሪው ከኪሱ ያወጣውን የመጓጓዣ ገንዘብ ሳያመላልስ ይተካለት። ለልጆች ደኅንነት የሚያስፈልገውን ቅጽ ያስሞላ፣ አንዱን ነገር ግን ሁለት ጊዜ አያስጽፍ። ደንብ ከመለወጡ በፊትም በደንቡ የሚሠሩትን ይጠይቅ።

በጎ ፈቃደኛውም በበኩሉ ቃሉን መጠበቅ አለበት። ነጻ አገልግሎት ማለት እንደ ልብ መቅረት አይደለም፤ ቅሬታውንም በሻይ ቤት ከማውራት ይልቅ ለሚመለከተው በጽሑፍ ማቅረብ ይገባዋል።

ገንዘብ የጐደለው ማኅበር ገንዘብ ተበድሮ ሊቆም ይችላል። የሰውን በጎ ፈቃድ ግን የሚያበድር ባንክ የለም። ስለዚህ ወጣት ሹማምንት ሁሉ በእጃቸው ያለውን ይህን ሀብት እንደ መንግሥት ገንዘብ ቈጥረው በጥንቃቄ እንዲያስተዳድሩት እናሳስባለን።